ከሐይቁ እስከ ፒያሳ በጆሮ፦ የሀዋሳውን የስልክ ጉብኝት ሁለቴ ሄድኩበት

የአክስቴ ልጅ ሀዋሳ አምስት ጊዜ መጥታለች። ፒያሳን፣ መሃል ከተማውን፣ ግን አታውቀውም።

አዲስ አበባ ተመልሳ “ሀዋሳ እንዴት ነበር?” ሲሏት የምታወራው ስለ ሐይቁ፣ ስለ አሳው፣ ስለ ጦጣዎቹ ነው። እኔ ከሃያ ዓመት በላይ የኖርኩበት፣ ልብሴን የማሰፋበት፣ ጫማዬን የማስጠግንበት፣ ቡናዬን የምጠጣበት መሃል ከተማ ለእሷ በመኪና መስኮት ያለፈ መንገድ ነው። አልፈርድባትም። 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የመጣ ሰው ቀጥ ብሎ ወደ ውሃው ነው የሚሄደው፤ ሆቴል ይገባል፣ አሳ ይበላል፣ ጀልባ ይሳፈራል፣ ፎቶ ይነሳል፣ እሁድ ከምሳ በኋላ ሻንጣውን ጭኖ ይመለሳል። ያወጣው ብርም እዚያው ሐይቅ ዳር ይቀራል። መሃል ከተማ ያለው ባለሱቅ እንግዳ መምጣቱን የሚያውቀው መንገዱ በመኪና ሲጨናነቅ ነው።

ስለዚህ አንድ ጓደኛዬ በቴሌግራም የላከልኝን ሊንክ ከፍቼ፣ ሐይቅ ዳር ካለው አሞራ ገደል ተነስቶ በእግር እየመራ መሃል ከተማ የሚያደርስ የድምፅ ጉብኝት መሆኑን ሳይ ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ። አስጎብኚ የለም፣ ቀጠሮ የለም፣ ቡድን መጠበቅ የለም። ስልክና ማዳመጫ ብቻ። የሠሩት ጥቂት የከተማው ወጣቶች ናቸው። ስማቸውን እዚህ አልጠራም፤ ቅሬታ ስላለኝ ነው፣ ቅሬታዬን ደግሞ ለራሳቸው ጽፌ ልኬላቸዋለሁ። ሁለት ጊዜ ሄጄበታለሁ፤ አንዴ ከአክስቴ ልጅ ጋር፣ አንዴ ከአባቴ ጋር። ሁለቱ ጉዞዎች የተለያዩ ከተሞች ውስጥ የተደረጉ ነው የሚመስሉት።

መጀመሪያ አሠራሩን ልንገራችሁ። 100 ብር በቴሌብር ትከፍላላችሁ፣ ጉብኝቱ ስልካችሁ ላይ ይወርዳል። 13 ማቆሚያዎች አሉት፤ ርዝመቱ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንዴ ካወረዳችሁት በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም። ስልኩ ያላችሁበትን ቦታ በጂፒኤስ ያውቃል፣ ማቆሚያው ጋ ስትደርሱ ትረካው በራሱ ይጀምራል። ጂፒኤስ ዳታ አይበላም፤ ሲግናሉን የሚቀበለው ከሳተላይት ነው። ይሄን የምለው የአክስቴ ልጅ “ዳታዬን ይጨርስብኛል” ብላ ፈርታ ስለነበር ነው። የሚበላው ባትሪ ነው፤ የእሷ ስልክ ጠዋት 80 በመቶ ላይ ነበር፣ ፒያሳ ስንደርስ 31 ላይ ወርዷል። ትረካው በአማርኛ፣ በሲዳምኛና በእንግሊዝኛ አለ።

ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ከሩብ ላይ አሞራ ገደል ደረስን። የመጀመሪያው ማቆሚያ የአሳ ገበያው ነው፤ እዚህ ላይ ልጆቹን ሳላመሰግን አላልፍም። ትረካው የሐይቁን ስፋትና ጥልቀት በመደርደር አይጀምርም። “ወደ ውሃው ዙሩ፤ ጀልባው አጠገብ መረብ የሚፈታውን ሰው እዩ” ብሎ ነው የሚጀምረው። እውነትም አንድ ሰውዬ መረብ እየፈታ ነበር፤ እዚያ ሰዓት ላይ ሁልጊዜም አንድ ሰው መረብ ይፈታል። ቆሮሶን ከአምባዛ እንዴት እንደምትለዩ ይነግራችኋል፤ ቆሮሶው ቅርፊት ያለው ጠፍጣፋ አሳ ነው፣ አምባዛው ደግሞ ጢም አለው፣ ቅርፊት የለውም፣ ጭንቅላቱ ሰፊ ነው። አባ ኮዳዎቹ እንደ ዘበኛ ተገትረው የሚጠብቁት የአሳውን አንጀትና ትርፍራፊ መሆኑን ይነግራችኋል። የአክስቴ ልጅ አምስት ጊዜ አሳ በበላችበት ቦታ ላይ ቆማ “እስከዛሬ ስሙን ሳላውቅ ነው የምበላው” አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ስለ ሐይቁ የሚያወራው፣ ያውም የሚገርም ነገር መርጦ። ወደ ሀዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን በዓይን አይታይም። መውጫ የሌለው ሐይቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጨዋማ ይሆናል፤ ሻላና አብያታ ሩቅ አይደሉም፣ ውሃቸውን ማንም አይጠጣውም። የሀዋሳ ሐይቅ ግን ጨዋማ አይደለም፤ ውሃው ከመሬት ሥር ሰርጎ መንገድ ሳያገኝ አልቀረም። እኔ እዚህ ከተማ ኖሬ ይህን ጠይቄው አላውቅም። አንድ ጉብኝት የከተማውን ነዋሪ በመጀመሪያው አሥር ደቂቃ አንድ ነገር ካስተማረ 100 ብሩን አግኝቷል እላለሁ።

ሁለተኛው ማቆሚያ ጉዱማሌ ነው፤ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጨምበላላ የሚከበርበት ቦታ። በበዓሉ ቀን ላልመጣ ሰው ሜዳ ነው፣ ሌላ የሚታይ ነገር ብዙም የለውም። የድምፅ ጉብኝት ጥቅሙ የሚለየው እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ ነው። አያንቶዎቹ፣ የሲዳማ ዘመን ቆጣሪ አባቶች፣ የከዋክብትን አካሄድ አይተው ቀኑን እንዴት እንደሚወስኑ፣ በዋዜማው ሰው ከእርጥብ ቀርከሃ በተሠራ ሁሉቃ ሥር እየሾለከ ወደ አዲሱ ዓመት እንዴት እንደሚሻገር፣ ልጆች በማግስቱ ቤት ለቤት እየዞሩ “አይዴ ጨምበላላ” ሲሉ በየገቡበት በቅቤ የተለወሰ የቆጮ ምግብ፣ ቡርሳሜ፣ እንደሚቀርብላቸው ይተርካል። ከሥሩ የበዓሉ ባህላዊ ጭፈራ፣ ቄጣላው፣ ይሰማል። ዩኔስኮ በዓሉን እ.ኤ.አ. በ2015 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ማስፈሩንም ይናገራል፤ ግን መጨረሻ ላይ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር። ትክክል ነው። ልጆቹ ቤት ለቤት መዞራቸው ከመዝገቡ በፊት ይቀድማል።

ይቺን የልጆቹን ነገር ያዙልኝ። በኋላ እመለስባታለሁ።

ችግሩ የጀመረው ከፍቅር ሐይቅ ወደ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው ሰፊ አስፋልት ላይ ነው። የስልክ ጂፒኤስ ሰማዩ ክፍት በሆነበት ሜዳ ላይ እንኳን 5 ሜትር ያህል ይስታል፤ ፎቅና ትልልቅ ዛፍ ባለበት ደግሞ ይብሳል። መንገዱ መሃሉ አካፋይ ያለው ሰፊ መንገድ ስለሆነ ማዶ ሆነን ልንሰማው የሚገባውን ወዲህ ሆነን ጀመረልን። “በቀኛችሁ ያለውን አሮጌ በረንዳ ተመልከቱ” ይላል። በቀኛችን ያለው ባንክ ነው። የአክስቴ ልጅ ባንኩን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ማዳመጫዋን ነቀለች። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ መንገድ እያቋረጥን ሳለ ትረካ ጀመረ፤ ባጃጅ ከኋላ ጥሩምባ ይነፋል፣ እሷ አልሰማችም፣ እጇን ይዤ ጎተትኳት። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ትረካው መጀመር ያለበት ሰው ቆሞ የሚያዳምጥበት ቦታ ላይ ነው፣ ዛፍ ጥላ ሥር ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው፤ ምክንያቱም 3 ሰዓት ተኩል ላይ የሀዋሳ ፀሐይ አስፋልት ላይ አያስቆምም።

ሌላው፣ የመንገዱ ዳር በቅርቡ እንደ አዲስ ተሠርቷል፣ ትረካው ግን የተቀዳው ከዚያ በፊት ነው። “ሰማያዊዋ ኪዮስክ ጋ ስትደርሱ ታጠፉ” ይላል። ኪዮስኳ የለችም። እኔ የት እንደነበረች ስለማውቅ ታጠፍኩ፤ እንግዳ ቢሆን ኖሮ ዝም ብሎ ቀጥ ይል ነበር። ልጆቹ መተግበሪያው ላይ ካርታም ሰርተዋል፣ ግን በፀሐይ ካርታ አይታይም፣ ስልክ በእጅ ይዞ መንገድ ላይ መንገዳገድም ለሌባ መጋበዝ ነው። አቅጣጫ በድምፅ ስትሰጡ ከማይነሳ ነገር ተነሱ። ቤተ ክርስቲያኑ አይነሳም። ሐይቁ አይነሳም። ታቦር ተራራ ከብዙ ቦታ ይታያል፣ “ታቦርን ከፊታችሁ አድርጉ” ብትሉኝ አልጠፋም። ኪዮስክ ግን በአንድ ሌሊት ይነሳል። ስምንተኛው ማቆሚያ ላይ ምሰሶ ላይ የለጠፉት ኪውአር ኮድም ላዩ ላይ “የሚከራይ ቤት አለ” የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። እኛ ማቆሚያው በጂፒኤስ ስለተከፈተልን አለፍን፤ ሳይከፍል በኪውአሩ ብቻ አንዲት ማቆሚያ ቀምሶ ሊገዛ የፈለገ ሰው ግን እዚያው ይቀራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዘጠነኛው ማቆሚያ።

ፒያሳ አካባቢ አንድ በረንዳ ላይ ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት አለች። ትረካው ስለ እሷ በረንዳ ነው። “እዚህ በረንዳ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ቡና ይፈላል፤ ከማየታችሁ በፊት በመዓዛው ታውቁታላችሁ” ይላል፣ ደስ በሚል ድምፅ። ቀጥሎ ስለ ሲዳማ ቡና ያወራል። ከዚያ “አሁን 60 ሜትር ወደፊት ሂዱ” ይላል።

የአክስቴ ልጅ እርምጃ ስትጀምር ሴትዮዋ ተጣራች።

“እህቴ፣ እናንተም ከነሱ ናችሁ?”

“ከነማን?” አልኳት።

“እነዚህ ጆሯቸው ላይ ሰክተው የሚመጡት። እዚህች ጋ ይቆማሉ፣ በረንዳዬን ያያሉ፣ ጀበናዬን ፎቶ ያነሳሉ፣ ይሄዳሉ። ሰላም እንኳን አይሉም። መጀመሪያማ በረንዳውን ሊያስለቅቁኝ የሚለኩ ሰዎች መስለውኝ፣ ስንት ቀን እንቅልፍ አጣሁ።”

ደነገጥኩ። ማዳመጫዬን አውጥቼ ሰጠኋት፣ ትረካውን ከመጀመሪያው አስጀመርኩላት። ጀበናውን እያየች ሰማች። ፈገግ አለች። ስለ ቡናው የተባለውን ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች። ሲያልቅ ማዳመጫውን መለሰችልኝና “ጥሩ ነው። ቡናው ጥሩ ነው ብለዋል። ማን እንደሚያፈላው ግን አላሉም” አለች።

ተቀመጥን። እዚያ በረንዳ ላይ አርባ ደቂቃ ቆየን፤ ሦስት ሦስት ሲኒ ጠጣን፣ ቆሎ በላን። ቡናውን የት እንደምትገዛው፣ ለምን ጠዋትና ከሰዓት አቆላሉን እንደምትለውጥ ነገረችን። የአክስቴ ልጅ የቀሚሷ ዚፕ ተበላሽቶ እንደነበር ስታነሳ ሴትዮዋ አጠገቧ ያለውን ልብስ ሰፊ ጠራችልን፣ ልብስ ሰፊው እዚያው በሲንጀሩ ሰፋላት፣ እሱ ደግሞ ምሳ የት እንደምንበላ ነገረን፣ እዚያ ሄደን በላን። በዚያ ቀን መሃል ከተማ የቀረው ብር ሁሉ የቀረው ከዚያች በረንዳ በኋላ ነው። መተግበሪያው በረንዳዋ ድረስ አምጥቶናል፣ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ከዚያ ግን “60 ሜትር ወደፊት” ብሎ ሊወስደን ነበር። ሴትዮዋ ባትጣራ ኖሮ አልፈናት እንሄድ ነበር።

ቅሬታዬ ይሄ ነው። 13ቱም ማቆሚያዎች የሚታዩ ናቸው። የሚገባበት፣ የሚቀመጡበት፣ “እንደምን አደራችሁ” የሚባልበት አንድም የለም። በመንገዱ ላይ ያሉ ሰዎች ጉብኝቱ መኖሩን አያውቁም። ቀጥሎ በነበሩት ማቆሚያዎች ሁሉ ሆን ብዬ ጠየቅኩ፤ አንድም ባለሱቅ ሰምቶ አያውቅም። የሰው ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ ጆሮን ደፍኖ፣ ዓይቶ መሄድ በእኛ አገር ነውር ነው። ጉብኝቱ እንግዳውን ሳያውቀው ነውረኛ አድርጎታል። እንግዳው ጥፋት የለበትም፣ ማንም “ሰላም በል” አላለውም።

የጨምበላላ ልጆች የሚያደርጉትን አስቡት። ቤት ለቤት ይሄዳሉ፣ ደጅ ላይ ሰላምታቸውን ያሰማሉ፣ ባለቤቱ ያስገባቸዋል፣ ያበላቸዋል። ሁለተኛው ማቆሚያ ላይ ይህን ያህል አሳምረው የተረኩ ልጆች ዘጠነኛው ላይ ረሱት።

ይሄ ነገር የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። በአሜሪካ ትንንሽ ከተሞች ከከተማ ውጪ የተሠሩ አውራ ጎዳናዎችና ግዙፍ የገበያ ማዕከላት ሰዉን ወስደው መሃል ከተማውን አራቁተውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ታሪካዊ ቦታዎችን ለመጠበቅ የቆመው የአገሪቱ ድርጅት በሦስት ትንንሽ ከተሞች፣ በጌልስበርግ፣ በማዲሰንና በሆት ስፕሪንግስ ሙከራ ጀመረ፤ ከዚያ በ1980 ሜይን ስትሪት የሚባለው ፕሮግራም ተቋቋመ። ከሙከራው ከወጡት ትምህርቶች ትልቁ ሕንፃ ማደስ ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ለመሃል ከተማው ብቻ የሚሠራ፣ ከሱቅ ሱቅ እየዞረ ባለሱቆቹን የሚያገናኝ አንድ ሰው ያስፈልጋል፣ ሥራውም ብሎ የያዘው ሰው። ዛሬ ብዙ ትንንሽ ከተሞች በስልክ የሚመራ ጉብኝት ይሠራሉ፤ ርካሽ ነው፣ አስጎብኚ መቅጠር አይጠይቅም፣ ሌሊትም እሁድም ክፍት ነው። ግን ከጀርባው ያ የሚዞር ሰው ከሌለ ድምፁ ብቻውን ሱቅ ውስጥ አያስገባም። ሀዋሳ ትንሽ ከተማ አይደለችም፣ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ናት። የመሃል ከተማዋ ነገር ግን ያው ነው፤ እነሱን አውራ ጎዳናው ወሰደባቸው፣ እኛን ሐይቁ። ከሞጆ የሚመጣው የፍጥነት መንገድ ሲያልቅ ደግሞ ሰው ከአዲስ አበባ ተነስቶ ውሃው ዳር ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ይቀንሳል፣ መሃል ላይ የመቆም ምክንያቱም አብሮ ይቀንሳል።

ሁለተኛውን ጉዞ ከአባቴ ጋር ነው የሄድኩት፣ በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ። ሐሙስን የመረጥኩት ገበያ ስለሆነ ነው፤ ሰኞና ሐሙስ ገበያው ይደምቃል፣ ጉብኝቱ ግን የመጨረሻ ማቆሚያው ገበያው ሆኖ ሳለ ይህን የትም አይናገርም። ቅዳሜ ዕለት ከአክስቴ ልጅ ጋር የደረስነው ቀዝቀዝ ብሎ ነበር።

አባቴ ሰባ አልፎታል። ሀዋሳ የመጣው በ1970ዎቹ መጀመሪያ በመምህርነት ተመድቦ ነው። ማዳመጫውን ስሰጠው “ጆሮዬ ውስጥ ነገር አይገባም” አለ። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ አስገባሁለት። ከገብርኤል ጀመርን፣ ሐይቁ ድረስ መሄዱ ስለሚደክመው። እንዲያ ስንሄድ ነው ነገሩ ሁሉ የተቀየረው።

ኪሱ ያወራል፣ ሰው ይዞራል። አንድ ሊስትሮ “አባባ፣ ሬዲዮ ነው?” አለው። አባቴ ቆሞ አስረዳው። ፒያሳ ስንደርስ ትረካው ከተማዋ በ1952 ዓ.ም. መቆርቆሯን፣ ከዚያ በፊት አካባቢው አዳሬ የሚባል የከብት ግጦሽ እንደነበር ሲናገር አባቴ ለስልኩ መልስ ሰጠው፦ “ስሙማ አልጠፋም፤ አዳሬ ሆስፒታል አለ አይደለም እንዴ!” የቅዳሜው ልብስ ሰፊ ከሲንጀሩ ተነስቶ መጣ። ትረካው ስለ ብስክሌት ጀመረ፤ ከተማዋ ሜዳ ስለሆነች ድሮ ሰው ሁሉ በብስክሌት ይሄድ እንደነበር። አባቴ በሰዓት የሚከራይ ብስክሌት የት እንደነበር ጠቆመ። ልብስ ሰፊው “ጋሼ፣ እዚያ አልነበረም፣ ከዚህኛው ጎን ነው” አለ። ተከራከሩ። ሁለት ሰዎች ተጨመሩ። አንደኛው አባቴ ያስተማረው ልጅ ሆኖ ተገኘ፤ ልጅ ስል የስድሳ ዓመት ሰው ነው፤ የአባቴን ጉልበት ስሞ ተነሳ። ቡና ታዘዘ፣ የእኛዋ ሴትዮ ጀበናዋን ይዛ መጣች። ትረካው ጨርሶ ወደሚቀጥለው ማቆሚያ ሂዱ እያለ ነው፣ የሚሰማው የለም።

አንድ ሰዓት ከአርባ ቆየን። አሥረኛውን ማቆሚያ አላየነውም። አባቴ ማታ ለእናቴ ሲያወራላት “ጥሩ ነገር ሠርተዋል” አላት። እኔ የሰማሁት ትረካ ከአክስቴ ልጅ ጋር የሰማሁት ያው ትረካ ነው፣ አንድ ቃል አልተለወጠም። የተለወጠው ድምፁ ለአንድ ጆሮ ብቻ አለመሆኑ ነው።

ስለዚህ ለልጆቹ የጻፍኩላቸው ይሄን ነው። ድምፁን ክፍት አድርጎ መስማትን ምከሩ፣ ወይም ቢያንስ አንዱን ጆሮ ክፍት አድርጉት በሉ፤ ለባጃጁም ለሰላምታውም ይጠቅማል። ዘጠነኛው ላይ “60 ሜትር ወደፊት” ከማለታችሁ በፊት “ቁጭ በሉ፣ አንድ ሲኒ ጠጡ፣ ስትጨርሱ ቀጥሉ የሚለውን ንኩ” በሉ። በመንገዱ ላይ ያለውን ባለሱቅ ሁሉ ሂዱና አነጋግሩ፣ መጀመሪያ ጉብኝቱን ራሱ ይስማው። ስሙ እንዲጠራ የሚፈልገውን ስሙን ጥሩ፣ የማይፈልገውን ተዉት። የገበያውን ቀን ንገሩ። በየስድስት ወሩ መንገዱን ራሳችሁ ሂዱበት፣ ኪዮስኩ ተነስቶ እንደሆነ እዩ።

አንድ ነገር ደግሞ ጨመርኩላቸው። ድምፁንና ጽሑፉን ዋናውን ቅጂ በእጃችሁ ያዙ። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ግሩፖን የተባለው የኢንተርኔት የቅናሽ ኩፖን ኩባንያ መሥራች አንድሩ ሜሰን ዲቱር የሚባል በጣም የተዋጣለት የእግር ጉብኝት መተግበሪያ ሠርቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ማዳመጫና ድምፅ ማጉያ የሚሠራው ቦዝ ገዛው፣ መተግበሪያውም በዚያው ተዘጋ። ያን ያህል ገንዘብ የነበረው ከተዘጋ የማንም ሊዘጋ ይችላል። ማንም ሰው ጉብኝቱን በነፃ የሚጭንባቸው እንደ ኢዚ ትራቭል ያሉ መድረኮች አሉ፤ አንዱ ቢዘጋ ሌላው ላይ መጫን የሚቻለው ቅጂው በእጅ ሲኖር ነው። የአሳ ገበያው ትረካ እንዲጠፋ አልፈልግም።

ስለ ሲዳምኛው ትረካ ራሴ መፍረድ አልችልም፤ የሥራ ባልደረባዬ ሰምታው ከአማርኛው ይሻላል አለችኝ። ጉዱማሌ ላይ ያለው ክፍል ከአማርኛ የተተረጎመ አይመስልም አለች፣ አያቷ ቁጭ ብላ የምታወራ ነው የሚመስለው አለች። እንግሊዝኛው ፈጣን ነው፣ ትንሽ ይሮጣል።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ ከአምስት ሦስት ተኩል። ሐይቅ ዳር ላሉት ማቆሚያዎች አምስት ከአምስት ነው፣ መሃል ከተማ ላሉት ሁለት። ግን ግዙት። ሀዋሳ የምትመጡ ሰዎች፣ እሁድ ጠዋት ሆቴል ውስጥ ቴሌቪዥን ከምታዩ ይሄን አውርዳችሁ ውጡ። የሆቴሉ ዋይፋይ ላይ አውርዱት። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ጀምሩ፤ አሳውም አለ፣ ፀሐዩም አልጠነከረም። ፓወር ባንክ ያዙ። ዝርዝር ብር ያዙ፤ በረንዳ ላይ ቡና ጠጥቶ ትልቅ ብር መስጠት ሰው ማስቸገር ነው። ብትችሉ ሐሙስ ኑ። አረብ ሰፈር ያለችውን ማቆሚያ አትዝለሉ፣ አጭር ናት ግን ትረካዋ ቆንጆ ነው። ሰው ደጃፍ ላይ ስትቆሙ ማዳመጫውን አውጡና ሰላም በሉ።

ቅሬታዬን ከላክሁላቸው ከአራት ቀን በኋላ ልጆቹ መልሰው ጻፉልኝ። ዘጠነኛውን ማቆሚያ እንደገና ሊቀዱት ነው፤ በዚህኛው ሴትዮዋ ራሷ እንድትናገርበት ይፈልጋሉ። ማክሰኞ ጠዋት በረንዳዋ ላይ ይመጣሉ። ሄጄ ነገርኳት። ፍም እያራገበች ሰማችኝ፣ ከዚያ ማራገቢያውን አስቀመጠችና “ምን ብዬ ልጀምር?” አለችኝ።

“በስምሽ ጀምሪ” አልኳት።